አሎሎ ወርዋሪዋ ሮዝቪታ

ሲያትል ከተማ፣ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከተደረደሩት ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል የኋላ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከተዘጋ እንፋሎቱ ሰው ያፍናል። በሩን ከፍታ የምትይዘው ከትልቅ ብርቱካን ብዙም የማትበልጥ ጥቁር የብረት ድቡልቡል ነበረች። ከየት እንደመጣች የጠየቀ ሰው አልነበረም። የገባው ሁሉ በእግሩ ገፋ ያደርጋታል፣ በሩ ይያዛል፣ ሥራ ይቀጥላል።

የብረቷ ባለቤት ሮዝቪታ ናት። ጀርመናዊት ነች። ሃምሳን አልፋለች፤ በበሩ ስታልፍ ጎንበስ ማለት አለባት፤ ትከሻዋ የሁለት ሰው ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ምድር ቤት አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ከማሽኑ የሚወጣውን እርጥብ አንሶላ ሌሎቹ ለሁለት እየተጋገዙ ሲያነሡት፣ እሷ ብቻዋን ትጠቀልለዋለች። ጥቅሉን በመዳፏ ደግፋ ከአገጯ ሥር አንገቷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች፤ ከዚያ እፍ ብላ ትገፈትረዋለች። ጥቅሉ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ካለው ጋሪ ውስጥ ዱብ ይላል። ስትስት ያያት የለም።

እንዲህ ስትሠራ አይታ መጀመሪያ የሳቀችባት ዘይቱና ናት። ዘይቱና የደሴ ልጅ ነች፤ በሱዳን በኩል አድርጋ ሲያትል ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። በፈረንጆቹ 1983 መጨረሻ ላይ ነው ሥራ የጀመረችው።

«እትዬ ሮዚ፣ አንሶላው ምን በደለዎት?» አለቻት።

እትዬ ያለቻት እናቷን የምታህል ሴት በስሟ ብቻ ለመጥራት አፏ እምቢ ስላላት ነው። እንግሊዝኛው አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ያንን ቃል መሃሉ ላይ ትሰነቅርበታለች። ሮዝቪታ ትርጉሙን ጠይቃ ስትረዳ ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ያለ እትዬ ከጠሯት አትዞርም።

አንድ ቀን ዘይቱና ባልዲ ይዛ በኋላ በር ስትወጣ የእግሯን አውራ ጣት ከብረቷ ጋር አጋጨችው። በንዴት አንሥታ ውጭ ልትጥላት ጎንበስ አለች። በአንድ እጇ ብድግ ስታደርጋት ከጣቶቿ ሾልካ ወርዳ ሲሚንቶውን መታችው።

«ይቺ ነገር ምንድን ናት? ትንሽ መስላኝ ነበር።»

«የእኔ ናት» አለች ሮዝቪታ። «አሎሎ ትባላለች። ወጣት ሳለሁ እወረውራት ነበር።»

«ወዴት?»

«ወደፊት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄደው ይለካሉ።»

«ከተለካ በኋላስ?»

«መልሰው ያመጡልሻል። ደግመሽ ትወረውሪያለሽ።»

ዘይቱና ጣቷን እያሸች ትንሽ አሰበችበት። «አይቆጡኝ እንጂ፣ ጀርመኖች ሥራ ፈት ናችሁ» አለች።

ሮዝቪታ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየ በዚያ ምድር ቤት ማንም አልነበረም። ከዚያ አንሶላ እያጠፈች ነገሩን ከሥሩ ጀምራ አወራቻት።

አባቷ በአንዲት የጀርመን የማዕድን ከተማ በየቤቱ ከሰል የሚያደርስ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ፈረሱም ረዳቱም አልነበሩም። ከሰሉን ፎቅ ለፎቅ የምትሸከመው ልጁ ሆነች፤ ትምህርቷንም ያኔ ተወች። ደረጃ መውጣት ሲሰለቻት ትንንሾቹን ከረጢቶች ከመንገድ ወደ አንደኛ ፎቅ በረንዳ መወርወር ጀመረች። የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ የስፖርት ክለብ አሠልጣኝም ነበርና፣ አንድ ጠዋት ይህን አይቶ ቢላዋውን እንደያዘ ከሱቁ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት አሎሎ አስያዛት።

ሮዝቪታ ጎበዝ ሆነች፤ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ነበረች። ከጎረቤት ከተማ ኤልፍሪደ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሮዝቪታ ምንም ብትወረውር እሷ ትንሽ ታስበልጣለች። አንድ ዓመት ለአገር ወክላ ወደ ውጭ የምትሄድ አንዲት ሴት ብቻ ልትመረጥ ሆነ። ሮዝቪታ በሕይወቷ ትልቁን የወረወረችው ያን ቀን ነው። ኤልፍሪደ በሁለት ጣት በለጠቻት።

«ሁለት ጣት» አለች፣ ጣቶቿን አጋጥማ እያሳየች።

«አንደኛ ወጥተው አያውቁም?»

«አላውቅም።»

«አንዴም?»

«አንድ ጊዜ ኤልፍሪደ ታማ ቀረች። ያን ቀን ሌላ ሰው መጣ።»

ከዚያ አሜሪካዊ ወታደር አገባችና ተከትላው ሲያትል መጣች። ባሏ ኤቨረት በምትባል ቅርብ ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጅ ግቢ ውስጥ ብረት ስትወረውር ጎረቤት ምን ይላል ብሎ ግን ፈራ። ውርወራውን ተወችው። አሎሎዋ ሃያ ዓመት ሣጥን ውስጥ ኖረች። ባሏ ከተቀበረ በኋላ ሥራ ስትጀምር የማጠቢያው በር እያስቸገረ አገኘችው፤ ቢያንስ ለዚህ ትሁን ብላ አመጣቻት። ነገሩ ይኸው ነው። እሷም ከዚህ በላይ የምትጠብቀው አልነበራትም።

በሚቀጥለው በጋ፣ እዚያ አገር በጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ የሆቴሉ ሚኒባስ ሹፌር ወንዳፍራሽ ወገቡን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ወንዳፍራሽ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ወሬ ካገኘ ሥራ አይታየውም።

«ዘይቱና፣ ወገቤን ቆረጠችው እኮ» አለ። «አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት ከኤርፖርት ፒክ አደረኩ። ሶ ቦርሳዋን ላነሣ ስል አልነሣ አለኝ። ምን ይዘሻል ስላት ከፍታ አሳየችኝ። ብረት ነው። ያ በር ላይ ያስቀመጣችሁት ዓይነት፣ ሁለት።»

ዘይቱና ወደ ሮዝቪታ ዞረችና የተባለውን በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሮዝቪታ ማጠፏን አቆመች።

ሴትዮዋ ዶሎረስ ትባላለች፤ የመጣችው ከፖርትላንድ ነው። የትልልቅ ሰዎች ውድድር በየዓመቱ በጋ ላይ ሲያትል ውስጥ ይደረጋል፤ በዕድሜ እየከፋፈሉ ያወዳድራሉ። ሃምሳን ባለፉት ሴቶች አሎሎ ከዚህ እስከ ፖርትላንድ ድረስ ዶሎረስን የሚረታ የለም። ይህን ሁሉ ወንዳፍራሽ ከኤርፖርት እስከ ሆቴል ባለችው አጭር መንገድ ጠይቆ ጨርሶታል።

«አሎሎዋ ስንት ኪሎ ነው?» አለች ሮዝቪታ።

«ሦስት አለችኝ። ለአሮጊት ቀንሰውላቸው ነው።»

ሮዝቪታ በሩ ሥር ያለችውን አየቻት። እሷ አራት ኪሎ ናት። «ሦስት?» አለች በቀስታ፣ እንደ ነውር ነገር።

ሐኪም ዘንድ የሄደችው በዚያው ሳምንት ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ይንቋቋል፤ አንሶላው ነው ያደረገባት። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ እውነቱን ነገራት። መገጣጠሚያው አልቋል፤ መቀደዱ አይቀርም። ከተቀደደ በኋላ ክንዷ ከትከሻ በላይ አይነሣም። ወርውሪ አልልሽም፤ ከወረወርሽ ግን ቢበዛ ለአንድ በጋ ነው አላት። ሮዝቪታ ይህን ለዘይቱና ስትነግራት እንዳዘነ ሰው አልነበረችም።

«አንድ ይበቃኛል» አለች። «አንድ ጊዜ አንደኛ ልውጣ፣ ከዚያ ይቀደድ።»

ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ልምምድ ሆነ፤ ሮዝቪታም እያፈረች ባለ ሦስት ኪሎ አሎሎ ገዛች። ከሆቴሉ ጀርባ፣ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በኖራ ክብ ሠሩ። ወንዳፍራሽ ሚኒባሱን ሁልጊዜ እዚያው ጋ ፓርክ ያደርግ ነበርና መጀመሪያ ተጣሉ፤ በኋላ ራሱ ሌላውን መኪና የሚያባርር ሆነ። አውሮፕላኑ በላያቸው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ንግግር ይቆማል፤ ካለፈ በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዝናብም ነበር። እዚያ አገር ዝናብ ሲያባራ ልሥራ የሚል ሰው ሥራ የለውም።

መለኪያ አልነበራቸውም። ዘይቱና አባቷ ደሴ ገበያ አቡጀዲ ሲሸጥ ያደገች ልጅ ናትና፣ ሻሿን ወደኋላ ጣል አድርጋ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክካ፣ ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ እየቆጠረች በክንድ ትለካለች። ሮዝቪታም ለመደችው። ማታ ሲለያዩ ዛሬ ስንት ክንድ ነበር ብላ ነው የምትጠይቀው።

«ክንድሽ አጭር ነው» ይላታል ወንዳፍራሽ። «ለእትዬ እያዳላሽ ነው።»

«ያንተ ምላስ ረጅም ነው። በሱ እንለካ?»

ዶሎረስ ለወንዳፍራሽ የነገረችው ትልቁ ውርወራዋ በዘይቱና ክንድ ሃያ ስድስት ያህል ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ የሆቴሉን የፊት ፎጣ ዘርግታ በጠጠር ያዘችው። ክረምቱን ሙሉ አሎሎዋ ከፎጣው በፊት ትወድቅ ነበር። ሮዝቪታ እግሯ ረስቶ ነበር፤ ክንዷ ያውቃል፣ እግሯ ግን አንሶላ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሚያዝያ ሲደርስ ቀስ በቀስ መለሰችው። በግንቦት አንድ ቀን አሎሎዋ ፎጣውን ነካችው፤ ዘይቱና ፎጣውን አንሥታ ጭቃውን ለሮዝቪታ አሳየቻት። ማታ ማታ ሮዝቪታ ትከሻዋ ላይ በረዶ አስራ ትተኛለች። ለማንም አላማረረችም።

የውድድሩ ቀን፣ በ1985 ሐምሌ፣ ቅዳሜ ነበር። ሜዳው ከተማው ውስጥ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ወንዳፍራሽ ፈረቃ ቀይሮ ሁለቱንም አመጣቸው። ካፊያ ነበር፤ ክቡ ይንሸራተታል፤ ሮዝቪታ አሎሎውን በፎጣ እያደረቀች ትይዘዋለች። ዶሎረስ ራሷ መጥታ እጇን ጨበጠቻት። ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ነች።

«የሹፌራችሁን ወገብ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «ዱቄቴን ተጠቀሚ፣ ጣትሽ እንዳይንሸራተት።»

እያንዳንዳቸው ስድስት ጊዜ ነው የሚወረውሩት፤ ከስድስቱ የሚያዘው ትልቁ ነው። ዶሎረስ በሁለተኛው አሥራ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጣለችና፣ ቦታው ላይ ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ተተከለ። ሮዝቪታ አራት ጊዜ ወረወረች። አራቱም ከቢጫው ባንዲራ በፊት ወደቁ። ሌሎቹን ሴቶች ግን ሁሉ በልጣ ነበር። ሁለተኛ። ያንን ቦታ ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን የኖረችበት ነው። ትከሻዋ ውስጥ አሸዋ እንዳለ ሁሉ ይፈጫል።

አምስተኛውን ስትወረውር እግሯ አልተንሸራተተም። ከኋላ ተነሥታ ክቡን በአንድ ጊዜ አቋረጠች፤ ዳሌዋ ቀደመ፣ ትከሻዋ ተከተለ፣ ክንዷ ተዘረጋ። አሎሎው ከእጇ ሲወጣ ክብደቱ አልተሰማትም። ቢጫውን ባንዲራ አልፎ እርጥቡ ሣር ላይ ጠለቀ።

እዚያ ሜዳ ላይ የነበሩት ሽማግሎች በሥርዓት ያጨበጭባሉ። ድንገት እልልታ ሰሙ። እልልታ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ርቆ ይሮጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሩጫውን አቁሞ ዞረ። ዘይቱና ተመልካች ከታገደበት ገመድ ሥር ሾልካ፣ ሻሿ ወደ ትከሻዋ ወርዶ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ እልል እያለች እየሮጠች ነው። ወንዳፍራሽም ከኋላዋ ነው።

ሮዝቪታ አየቻቸው። አባቷ ስትወረውር መጥቶ አያውቅም። ሥጋ ሻጩ ድገሚ ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። ባሏ ጭራሽ አላያትም። በሕይወቷ ወርውራ ስታበቃ ወደሷ የሮጠ ሰው አልነበረም። እግሯ ሳያማክራት ክቡ ፊት ያለውን የእግር መግቻ ጣውላ ተሻገረ፤ ሄዳ ዘይቱና እቅፍ ውስጥ ገባች።

ዳኛው ቀይ ባንዲራ አነሣ።

«ምንድን ነው?» አለ ወንዳፍራሽ። «ቀዩ ምንድን ነው?»

ዳኛው የዝናብ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሽማግሌ ነበር። ፊቱ ላይ ማዘኑ ያስታውቃል። «አይቆጠርም» አለ። «ወርዋሪ ከክቡ የሚወጣው በኋላ በኩል ነው። በፊት በኩል ከወጣ ውርወራው ይሰረዛል።»

«ደስታ በኋላ በር ይወጣል እንዴ?» አለ ወንዳፍራሽ። «ወርውራዋለች፣ እዚያ ወድቋል፣ እኔ አይቻለሁ፣ አንተም አይተሃል። ሌላ ምን ፈለግህ?»

«ተወው» አለች ሮዝቪታ። «ትክክል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሕግ ነው።»

ዘይቱና በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ዓይኗ ሞላ። «እኔ ነኝ እትዬ። አፌን ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር። ዓመት ሙሉ የለፉበትን በአንድ እልልታ አበላሸሁት።»

«አልጎተትሽኝም። በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት።»

«ይማቱኝ ይሻላል።»

«ከገመዱ ወዲያ ሂጂ» አለች ሮዝቪታ፣ ጉንጯን መታ መታ አድርጋ። «አንድ ይቀረኛል።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ የድሮው ምሬት እንዲመጣ ጠበቀችው። ሁለት ጣት የቀረባት ቀን የመጣው፣ ሥራ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ አልጋ ላይ ዓመታት አብሯት የኖረው። አልመጣም። አንገቷ ላይ የዘይቱና ክንድ ሙቀት ገና አለ። ዶሎረስ የመጨረሻዋን ወረወረች፤ የራሷን ባንዲራ አላለፈችም። ሮዝቪታ ሜዳውን አየች። ያ የተሰረዘው ውርወራ ሣሩ ላይ ጉድጓድ ምሶ ሄዷል፤ ዝናብ እየሞላው ያብረቀርቃል። ዳኛው መሰረዝ ይችላል፤ ጉድጓዱን ግን ማንም አልደፈነውም። የት መጣል እንዳለባት አወቀች።

ስሟን ጠሩ። ክቡ ውስጥ ገብታ አሎሎውን አንገቷ ላይ አስቀመጠች። ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ ሄደች። ሲወጣ ትከሻዋ ውስጥ የሆነ ነገር ጧ ሲል ሰማች፤ ግን ያኔ አሎሎው ሄዶ ነበር። ያንን ውሃ የሞላውን ጉድጓድ አንድ ስንዝር አልፎ ወደቀ።

ዘይቱና ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳዋለች። ወንዳፍራሽ ፈረስ እንደያዘ ሰው ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወደፊት ያዘነበለው አካሉ ብቻ ነው። ሮዝቪታ አላየቻቸውም፤ ብታያቸው እግሯን አታምነውም። ቆመች። ተረጋጋች። ቀኝ ክንዷን በግራዋ ደግፋ ዞረች፤ አንድ፣ ሁለት ረገጠችና በክቡ ጀርባ ወጣች።

ዳኛው መስመሩን ጎንበስ ብሎ አየ። ነጭ ባንዲራ አነሣ። ሜትሩ ተዘረጋ፦ አሥራ ሁለት ሜትር ከሃያ አንድ።

ዶሎረስ ቀድማ መጣች። «ሁለተኛ መውጣት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር» አለቻት።

«ትለምጂዋለሽ» አለች ሮዝቪታ።

ከዚያ ወደ ገመዱ ዞረች። «አሁን ኑ» አለቻቸው።

ዘይቱና ሻሿን ከአፏ አውጥታ ለቀቀችው። በዚህ ጊዜ እልልታው ብቻውን አልነበረም፤ ዶሎረስና ሌሎቹ ወርዋሪ አሮጊቶች ሊያግዟት ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ግን እልልታ አይባልም። ወንዳፍራሽ ሮዝቪታን ሊያነሣት ብሎ ወገቡ ትዝ ሲለው ተወው፤ ዙሪያዋን እየዘለለ አጨበጨበላት።

ትከሻዋ ተቀዶ ነበር። ከወር በኋላ ቀደዱና ሰፉት፤ ሐኪሙ እንዳለውም ክንዷ ከዚያ ወዲያ ከትከሻ በላይ አልተነሣም። በማጠቢያው ክፍል ከማሽኑ ወደ ማጠፊያው ጠረጴዛ ተዛወረች፤ እርጥቡን ዘይቱና ታነሣላታለች። አንድ ቀን እንኳ ቆጨኝ ስትል አልተሰማችም።

ያን ቅዳሜ ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ሦስት የእንጨት ሣጥኖች አስቀመጡ፤ መሃለኛው ከፍ ያለ ነው። ስሟን የጠራው ሰው አጠራሩን አበላሽቶታል፤ አንደኛ የሚለውን ግን በትክክል ነው ያለው። ሮዝቪታ ወጣች። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አደረጉላት። ሌሎቹ ወረዱ፣ ጭብጨባው አለቀ፣ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። እሷ እንደቆመች ነው።

«ሴትዮ፣ ለሚቀጥሉት ሣጥኑን እንፈልገዋለን» አላት ዳኛው።

«ትንሽ ይጠብቁ» አለችው።

ዳኛውም ጠበቃት።